የላላው ዳዶ

መኪናዬ ዘጌ ላይ ቆመች። ቆመች ስል ሞተሯ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ሞተሯ እንደ ልማዱ ይንጣጣል፣ ማርሹ ይገባል፣ ፍሪሲዮኑንም ስለቀው ይይዛል። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከኋላ፣ በግራ ጎማ በኩል፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ ድምፅ ብቻ አለ። ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ፍቂያው ይጨምራል። ዙሪያዬን የተሰበሰቡት ልጆች መጀመሪያ ገፉኝ፤ በኋላ ሳቁብኝ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ጊዜው ጥር 2008 ዓ.ም. ነው። የሄድኩት ለአንድ ወዳጄ እናት ተዝካር ነበር። ከባሕር ዳር ዘጌ የሚሄድ ሰው ጀልባ ይሳፈራል፤ እኔ ግን በቮልሴ ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ቮልሷ እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት ናት። ዕድሜዋን የሚያውቁ ያከብሯታል፣ የማያውቁ ይስቁባታል። ለሚስቁት ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለኝ፦ ይቺ መኪና ከፖርሼ ጋር የሥጋ ዝምድና አላት። የሁለቱም አባት አንድ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ የፖርሼ የስፖርት መኪና፣ 356 የምትባለው፣ ስትሠራ የኋላ እግሯ ከቮልስ የተወሰደ ነበር። ሀብታሟ እህት በዓለም ሙዚየም ተቀመጠች፤ ድኻዋ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆና ተባዝታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቷ ቆመ። የእኔዋ ደግሞ ዘጌ ላይ ቆመች።

የወዳጄ ቤተሰቦች ስልክ ደውለው ከባሕር ዳር አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስመጡልኝ። ሰውዬው በጀልባ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መጡ። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው ናቸው። ከመኪናዋ ሥር አልገቡም። ቸርኬውን አስፈትተው ታምቡሩ መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ትንሽ ካዩት በኋላ ኮፒሊያውን፣ ማለት ዳዶው እንዳይፈታ የምትቆልፈውን ሽቦ፣ በፒንሳ አወጡ። ከዚያ ቡሶላውን ገጠሙና በአንድ እጃቸው አዞሩት። ዳዶው እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ።

«ማነው ያጠበቀልህ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ትንሽ ብረት ውስጥ ላስገባው ነው፤ ታገሡኝ። የሞተር ጉልበት በካምቢዮ አልፎ ዲፈረንሻል ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ከዲፈረንሻል ወደ ግራ ጎማ አንድ ዘንግ፣ ወደ ቀኝ ጎማ አንድ ዘንግ ይወጣል። መካኒኮቻችን ሴሚያስ ይሉታል። ቃሉ፣ እንደ ጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው፣ የጣልያን ነው፦ ግማሽ ዘንግ ማለት ነው። ሁለት ግማሽ ሆኖ የተሠራው መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ቢዞሩ ኖሮ አንዱ ይጎተት ነበር። ዲፈረንሻል ይህን ያስታርቃል። ግን አንድ ጠባይ አለበት፦ ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው ጉልበት ደካማው ከሚችለው አይበልጥም። የግራው ሴሚያስ ጥርሱ ተበልቶ ታምቡሩ ውስጥ በከንቱ መዞር ከጀመረ፣ ጤነኛው ቀኝ ጎማ መሬት ረግጦ ዝም ይላል። አንዱ ግማሽ ሲላላ ሌላው ግማሽ ስለበረታ መኪናው አይሄድም። የእኔም መኪና የሆነችው ይህንን ነው።

ታምቡሩ ከሴሚያሱ ጋር የሚያያዘው በጥርስ ነው። ጥርሶቹን አጥብቆ የሚይዛቸው ደግሞ ያ ዳዶ ነው። ሽማግሌው እንደነገሩኝ የቮልስ የኋላ ዳዶ የሚጠብቀው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው፤ ማለት አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ሲጫን። በእጅ አቅም የሚሆን አይደለም። ከዚያ በታች ከሆነ ጥርሶቹ በየመነሻው በየማቆሚያው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ይፋቃሉ፤ አንድ ቀን ያልቃሉ።

«ማነው ያጠበቀልህ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ከአራት ወር በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ከኋላ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ፓራኦሊዮ ለመቀየር ታምቡሩ መፈታት ነበረበት። የሠራልኝ አንድ ወጣት ልጅ ነው። «እሱ ነዋ!» ብዬ ጀመርኩ። ያገራችን የሙያ ሥነ ምግባር የት እንደደረሰ፣ ወጣቱ ትውልድ እንዴት እንደሚያጭበረብር፣ ኮፒሊያዋን ሰክቶ ያልጠበቀውን የጠበቀ አስመስሎ እንዳስረከበኝ ተናገርኩ። ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ሰው ፊት መናገር ሲጀምር ማቆም የሚከብደው ሰው ነኝ። ሽማግሌው እስክጨርስ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ልጁ ምን አለህ ያኔ?» አሉ በመጨረሻ።

ዝም አልኩ። ምክንያቱም ልጁ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ጋሼ፣ ረጅሙ ቱቦ ሌላ ሥራ ላይ ሄዷል፤ ነገ ጧት ቢመጡ አጥብቄ እሰጥዎታለሁ» ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ፣ ያን ቀን አባይን ሳይመሽ መሻገር ነበረብኝ፣ «ግድ የለም፣ በእጅህ ጥብቅ አድርግልኝና ልሂድ» አልኩት። ልጁ በእጁ ጥብቅ አደረገ። ኮፒሊያዋን ሰካ። ሒሳቡን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በተነሣሁ ቁጥር ከኋላ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ነበረች። አራት ወር ሙሉ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነዳሁ።

ይህንን ለሽማግሌው ስነግራቸው አልፈረዱብኝም። «እንግዲህ ሁለታችሁም አላላችሁት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሴሚያሱም ታምቡሩም መቀየር ነበረባቸው። ያገለገለ ሴሚያስ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ሽማግሌው በስልክ ሻጩን «የግራ ነው የቀኝ?» ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ አሮጌ ዘንግ ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲጠመዘዝ ስለኖረ በሌላው ወገን ቢገጥሙት ቶሎ ይሰበራል አሉኝ። የግራው ለግራ። ዕቃው በአውቶብስ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ እስኪደርስ ሦስት ቀን ጠበቅሁ።

ዘጌ ላይ ሦስት ቀን መጠበቅ ቅጣት አይደለም። ልሳነ ምድሩ በሙሉ ጥላ ነው፤ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር መንገድ። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ስም በሬ አይጠመድበትም፣ መሬቱም አይታረስም ይባላል፤ ደኑን ለዘመናት ያቆየው ይህ ልማድ ነው። እንጨቱ ለገበያ መቆረጡ ሲያሳስብ ቢኖርም፣ ደኑ ዛሬም አለ። በአጥር አይደለም የቆመው። ማታ ማታ ማንም ሳያይ ሞፈር ይዞ መግባት የሚችል ሰው ሳይገባ በመቅረቱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። በመቅደሱ ዙሪያ ካሉት ሥዕሎች መሃል በላዔ ሰብን ፈለግሁት። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ የተጠማ ድውይ ጥርኝ የማትሞላ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ያቺ ውኃ በሚዛን ተመዝና 78ቱን ነፍስ አነሣች። ለተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሁልጊዜ የማተኩረው ሚዛኑ ላይ ነበር። ያን ቀን ግን መኪናዬ ቆማ፣ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ያቺን ውኃ ሲሰጥ ማን አየው? መንገድ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ያየው የጠማው ሰው ነው።

ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ የአንድ እረኛ ነገር አለው። እረኛው ቀለበት አገኘ፤ ሲያዞረው የማይታይ የሚያደርግ ቀለበት። ወዲያው ቤተ መንግሥት ገባ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ሥልጣኑን ያዘ። የግላውኮን ጥያቄ ይህ ነው፦ ጻድቅም ሆነ ኃጥእ ይህ ቀለበት ቢሰጠው ልዩነታቸው የት ይታያል? ዕድሜዬን ሙሉ ይህን እንደ ተረት ሳስተምር ኖሬ፣ ቀለበቱ ለካ የሁላችንም ጣት ላይ ነው። ሰው የማይታይ ባይሆንም ሥራው የማይታይ ይሆናል። መካኒኩ ዳዶውን ሲያጠብቅ ማን ያየዋል? ግንበኛው ኮንክሪት ውስጥ ስንት ብረት እንዳስገባ ከተለሰነ በኋላ ማን ያየዋል? ነርሷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇን ታጥባ መርፌውን እንደያዘች ማን ያየዋል? መምህሩ የተማሪውን ወረቀት ማንበቡን ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ግን ስለ መካኒኩ ጽፌ ስለ መምህሩ ዝም ብል ያው ኮፒሊያ መሰካት ነው።

በ1994 ዓ.ም. አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እንድመዝን ተሰጠኝ። የጥናቱ ርዕስ ስለ ልቦለድ ነበር። ያን ሳምንት አሥራ አንድ ጽሑፍ ነበር ጠረጴዛዬ ላይ፤ የማስረከቢያው ቀን አልፏል። መግቢያውን አነበብኩ። መደምደሚያውን አነበብኩ። መሃሉን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። መካከለኛ ውጤት ሰጠሁና ፈረምኩ። ፊርማዬ ደግሞ ያምራል። ዘጌ ላይ ያቺን ከላላ ዳዶ ላይ ቀጥ ብላ የተሰካች ኮፒሊያ ሳይ ትዝ ያለኝ ያ ፊርማ ነው። ኮፒሊያ ዳዶ አያጠብቅም፤ እንደ ነበረ እንዲቆይ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከውጭ ለሚያይ ግን የጠበቀውም ያልጠበቀውም አንድ ይመስላል።

አንድ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር ይባል ነበር። ግን አንድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር የሎኮሞቲቩ ዘንግ ተሰብሮ ከሃምሳ በላይ ሰው ሞተ። ያንን ዘንግ የሰበረው አንድ ከባድ ጭነት አልነበረም። ብረት ከአቅሙ በታች የሆነ ጭነት እልፍ ጊዜ ሲደጋገምበት ውስጥ ውስጡን እንደሚሰነጠቅ መሐንዲሶች በስፋት ማጥናት የጀመሩት ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ነው። የብረት ድካም ብለው ጠሩት። ሰውም የሚሰበረው እንደዚሁ ይመስለኛል። በአንድ ትልቅ ወንጀል አይደለም። «ዛሬን ብቻ» በምትባል ትንሽ ነገር ነው፤ እልፍ ጊዜ።

በሦስተኛው ቀን ሴሚያሱ ደረሰ። ሽማግሌው ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዘይት አፈሰሱ፤ ሴሚያሱን የሚሸፍነውን ቀፎ ፈተው ሳቡ፤ አሮጌውን አወጡ። የቮልስ ሴሚያስ በውስጥ በኩል ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ታንኳ መቅዘፊያ። ጠፍጣፋው ጫፍ ዲፈረንሻሉ ውስጥ በሁለት ትናንሽ ብረቶች መካከል ይቀመጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጣጠሙት ሁሉ በቀለም ምልክት እየተመረጡ ነበር። ምክንያቱም በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት መብለጥ የለበትም። ከጠበበ ይይዛል፤ ከሰፋ ያንኳኳል። ሽማግሌው ስፔሶር የሚባለውን ስስ የብረት መለኪያ እያስገቡ ሦስት ጊዜ ለኩ። ሁለተኛው ልክ ለእኔ ጥሩ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ፈትተው፣ አንዷን ብረት ቀይረው እንደገና ገጠሙ። አንድ ጊዜ ቀፎው ከተዘጋ ያንን ቦታ ሌላ መካኒክ እንኳ የሚያየው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይህን ማን ያየዋል ብለው ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ጥቅስ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ጸሐፊ መሆን እንዲህ ያደርጋል። «ቀጭ ሲልብህ ትሰማው የለ እንዴ?» አሉኝ፤ ተመልሰውም ጎንበስ አሉ።

የሦስት ቀን ፍልስፍናዬን እዚያው አፈረሱት፤ ደግሞም አቆሙት። «የማይታይ ሥራ» ስንል ከማን አንጻር ነው የማይታየው? ከአለቃው፣ ከተቆጣጣሪው፣ ከፈራሚው። ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው ግን ይሰማዋል። ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ መንስኤውንም ላያውቅ ይችላል፤ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀጭ ቀጭ ሲል ይኖራል። የፕላቶ እረኛ ከሚያዩት ዓይኖች ሁሉ ተሰውሯል፤ የገደለው ንጉሥ ግን ጦሩን ያልተሰማው ይመስላችኋል?

አንድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ልጁ ቱቦ አልነበረውም፤ አከፋፈሌም አጎንብሶ ሁለት ሰዓት የሚያሠራ አልነበረም፤ ደንበኛው «ቶሎ በል» ይላል። መምህሩም አሥራ አንድ ወረቀት በአንድ ሳምንት ተከምሮበታል። መሣሪያና ጊዜ ሳይሰጡ ሕሊና ብቻ መጠየቅ ግፍ ነው። እውነት ነው። ስለዚህም ነው ሽማግሌው «ሁለታችሁም» ያሉት። ልጁ ግን ከእኔ አንድ ነገር ይበልጣል፦ «ነገ ይምጡ» ብሎኛል። አልችልም ማለት ችሏል። እኔ ያኔ ለክፍሉ ኃላፊ «ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማንበብ አልችልም፣ ቀን ይጨመርልኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ማለት ሰነፍ ያስመስል ነበር፤ መፈረም ደግሞ ታታሪ።

አዲስ አበባ ስመለስ ካርቶኖቼን ፈተሽኩ። የጽሑፉ አንዱ ቅጂ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ተቀምጬ አነበብኩት። ጎበዝ ልጅ ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያነሣው ሐሳብ እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘግይቼ የደረስኩበት ነው። የሚገባው ውጤት እኔ የሰጠሁት አልነበረም። ያ ውጤት ቢስተካከል ኖሮ ለረዳት መምህርነት ሊቀር ይችል እንደነበር ያኔ የነበርን ሁሉ እናውቃለን።

ስልኩን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ለመደወል ደግሞ ሁለት ሳምንት። በአንድ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ያደረግሁትን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አውቅ ነበር፣ መምህር» አለኝ በመጨረሻ። «ጥራዙ ሲመለስልኝ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ገጾች በሙጫ እንደተጣበቁ ነበሩ። እኔ ነኝ ያላቀቅኋቸው።»

ይቅርታ አደረገልኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላለም። «ስለደወሉ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። ውጤቱ ግን በማኅደሩ ውስጥ እንደ ነበረ ነው፤ ፊርማዬም በደንብ ቆልፎታል።

ወደ ዘጌ ልመልሳችሁ። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የቀረው ዳዶው ነበር። ሽማግሌው ቡሶላው ላይ ረጅም ቱቦ አስገቡና «ስንት ኪሎ ትመዝናለህ?» አሉኝ።

«ስድሳ።»

«አስተማሪ ነህ መቼም» ብለው ሳቁ። ሜትር አውጥተው ከዳዶው መሃል ግማሽ ሜትር ለኩና ቱቦው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። «እዚህ ላይ ቁም። ስድሳ ኪሎ በግማሽ ሜትር፣ ሠላሳ ነው።»

«ልጁ ይቁምልኝ» አልኩ፤ ረዳታቸውን ማለቴ ነው።

«አይሆንም። የምትሄድበት አንተ ነህ።»

የዛፍ ግንድ ይዤ ቱቦው ላይ ቆምኩ። ዳዶው ትንሽ ዞሮ ቆመ። የኮፒሊያዋ ቀዳዳ አልገጠመም፤ ጥቂት አልፏል። ወደኋላ መለስ ላድርገው አልኩ። «ወደኋላ አይላላም፣ ወደፊት እስኪገጥም ይጨመራል» አሉኝ። ጨመርኩ። ገጠመ። ኮፒሊያዋን ራሴ ሰካሁ።

ሒሳባቸውን ከፍዬ ጀልባቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ከመሳፈራቸው በፊት «ባሕር ዳር ስትገባ አንድ ጊዜ ደግመህ ፈትሸው፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ቦታውን እስኪይዝ ይላላል» አሉኝ። ፈተሽኩት። ትንሽ ላልቶ ነበር። ያቺን በጠመኔ ምልክት ያለባት ቱቦ ገዛኋት፤ ዛሬም ከወንበሬ ሥር ናት።